ቤቱ የማን ነው?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ አንድ የቀድሞ ተማሪ ያደረጉት ንግግር)



ለዚህ በዓል ንግግር እንዳደርግ ስጋበዝ፣ ስለ ምን ልናገር ብዬ ብጠይቅ «ስለምታውቀው ሥራ ተናገር፤ ብቻ አታርዝመው» የሚል መልስ ተሰጠኝ። የፊተኛውን እፈጽማለሁ፤ ስለ ኋለኛው ግን ቃል አልገባም። ሥራዬ የሕንፃ ንድፍ ማንሣትና ግንባታ መቆጣጠር ነው። ይህንንም ሥራ የጀመርኩት እዚሁ ግቢ ውስጥ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም፤ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ የሒሳብ መምህራችን በገመድና በችካል የትምህርት ቤቱን ሜዳ አስለክተውን ነበርና። ያን ቀን ያገኘነው ልክ ዛሬ ትዝ አይለኝም። ገመዱ አጥሮን ሁለት ጊዜ መቀጠላችንንና የቋጠሮውን ልክ ሳንቀንስ በመቁጠራችን መምህሩ መሳቃቸውን ግን አስታውሳለሁ።

የዛሬው ርእሴ፣ በሶሻሊዝም ሥርዓት ውስጥ ያለፉ አገሮች ሥርዓቱ ከተለወጠ በኋላ ከተሞቻቸውንና ቤቶቻቸውን ምን አደረጓቸው የሚል ነው። ነገሩ ከአዘዞ የራቀ ሊመስላችሁ ይችላል። ይሁን እንጂ እዚህ ከተቀመጥነው ወላጆች ብዙዎቻችን በቀበሌ ቤት ጣሪያ ሥር ያደግን ነን፤ ከተማሪዎቹም መካከል ዛሬ ማታ ወደዚያው የሚገቡ ይኖራሉ። እንግዲህ የምናገረው ስለ ራሳችን ነው።

መነሻዬን ግን ከአንድ የውጭ አገር ሰው ላድርግ። ጌራርዶ ቦዚዮ ይባላል፤ የፍሎሬንስ ሰው ነበር፤ ሙያው አርክቴክት ነው። ኢጣልያኖች መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጐንደር ከገቡ በኋላ «አማራ» ብለው ለሰየሙት ግዛት ዋና ከተማ ስላደረጓት፣ የከተማዋን ፕላን እንዲያወጣ ያዘዙት እሱን ነው። ከዚያ በፊት ጐንደር በአንድ ሰው ፕላን የተሠራች ከተማ አልነበረችም። አጼ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ግድም ሲቆረቁሯት በመካከሉ ግንቡ ቆመ፤ ከዚያ በኋላ እጨጌ ቤት፣ አቡን ቤት፣ የእስላሞቹ ሰፈር አዲስ ዓለም፣ አብያተ ክርስቲያናቱና ገበያው እያንዳንዳቸው በየወገናቸው፣ በቅሃና በአንገረብ ወንዞች መካከል እየተሰባሰቡ ከተማ ሆኑ። (በነገራችን ላይ አባታቸው አጼ ሱስንዮስ ከዚያ አስቀድመው ገነተ ኢየሱስን ያሠሩት እዚሁ አዘዞ ነው። ስለዚህ በግንብ ሥራ አዘዞ ጐንደርን ትቀድማለች፤ ይህን ሲሰሙ የከተማው ልጆች ደስ አይላቸውም።)

ቦዚዮ ግን በወረቀት ላይ መስመር አሰመረ። ስለዚህ ፕላን ስንናገር አንድ ነገር መረሳት የለበትም፤ ፕላኑ ነጩን ከአገሬው ለይቶ ለማስፈር የታሰበ ነበር። መልካሙ ቦታና ሰፊው መንገድ ለገዢዎቹ፣ አገሬው ደግሞ ለብቻው እንዲሆን ነው የተሰመረው። ዛሬ ፒያሳ ስንሄድ የምናያቸው ማዕዘናቸው የተሞረደ የሚመስል ቢጫ ሕንፃዎች፣ ፖስታ ቤቱም ሲኒማ ቤቱም፣ ለእኛ ተብለው አልተሠሩም። ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ጐንደር ከጠላት እጅ ስትወጣ ግን የእኛ ሆኑ። ከሠሪው ሐሳብ ይልቅ የነዋሪው ኑሮ አሸነፈ ማለት ነው። በበኩሌ ፖስታ ቤቱን ባየሁ ቁጥር ጥላቻም ፍቅርም አንድ ላይ ይመጣብኛል፤ ግንበኛው ሥራውን ያውቅ ነበርና።

ቦዚዮ ከኢትዮጵያ ሥራው በኋላ ወዴት ሄደ? ኢጣልያ በ1931 ዓ.ም. አልባንያን ወርራ ስለ ነበር ወደዚያው ተላከና የዋና ከተማዋን የቲራናን ፕላን አወጣ። የቲራናን ታላቅ አውራ ጐዳና በደቡብ በኩል የሚዘጋው አደባባይና በዙሪያው ያሉት በድንጋይ የተለበጡ ሕንፃዎች የእሱ ሥራ ናቸው። በ1933 ዓ.ም.፣ አርባ ዓመት እንኳ ሳይሞላው ሞተ። ስለዚህ ጐንደርና ቲራና፣ አንዷ የሌላዋን ስም ሳታውቅ፣ በአንድ እጅ የተሰመሩ እኅትማማች ከተሞች ናቸው።

ዝምድናቸው በዚህ አላበቃም። አልባንያ ከ1937 ዓ.ም. ጀምሮ፣ እኛም ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ የሶሻሊዝምን መንገድ ያዝን። የሁለቱም መንገድ ያለቀው በአንድ ዓመት ነው። የካቲት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. የቲራና ሕዝብ የኤንቨር ሆጃን ሐውልት በከተማው ዋና አደባባይ ላይ ጣለው። ከሦስት ወር በኋላ፣ ግንቦት 15 ቀን፣ አዲስ አበባ ላይ የሌኒን ሐውልት ወረደ። ሐውልት መጣል የአንድ ቀን ሥራ ነው። ቤቶቹስ?

ለመሆኑ ቤቶቹ እንዴት የመንግሥት ሆኑ? ተማሪዎች በታሪክ መጽሐፍ ሳታነቡት አትቀሩም፤ ወላጆች ግን በዓይናችሁ አይታችሁታል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት የሚያደርገው አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ። አንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ፣ ቦታውም ከ500 ካሬ ሜትር ሳይበልጥ፣ እንዲይዝ ተፈቀደ። ከዚያ የተረፈው ቤት ሁሉ ተወረሰ፤ የወር ኪራዩ ከ100 ብር በታች የሆነው ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጠ። ኪራይም ተቀነሰ። በዚያን ጊዜ ብዙ ሰው እልል ብሏል፤ ያለ ምክንያትም አልነበረም። ከደመወዙ እኩሌታውን ለቤት ኪራይ ይከፍል የነበረ፣ ባለቤቱ በተቆጣ ቁጥር ዕቃውን ተሸክሞ ይወጣ የነበረ ሰው፣ ከእንግዲህ ማንም አያስወጣህም ሲባል እንዴት አይደሰት!

ከተደሰቱት መካከል ወላጆቼ ነበሩ። እዚሁ አዘዞ የአንዲት ሴት ቤት ተከራይተው ይኖሩ ነበር። ስማቸውን አልጠራም፤ እኛ ልጆቹ «እማማ» እንላቸው ነበር፤ ዛሬም እንዲሁ እላቸዋለሁ። ሟች ባለቤታቸው ግንበኛ ነበሩ አሉ፤ እኔ አልደረስኩባቸውም። በሥራ ዘመናቸው ሁለት ቤት ጎን ለጎን ሠርተው፣ በአንደኛው ኖሩበት፤ ሁለተኛውን ለእርጅና መጦሪያ ብለው አከራዩት። የመንግሥት ሠራተኛ ላልሆነ ሰው በዚያን ጊዜ ጡረታ ማለት የሚከራይ ቤት ነበር። የእኛ ኪራይ 16 ብር ነበር። አዋጁ ሲወጣ 8 ብር ሆነ፤ 8ቱም ብር ከእማማ እጅ ወጥቶ ወደ ቀበሌ ሄደ። እማማ በቀራቸው ቤት፣ እኛም በተወሰደባቸው ቤት፣ በአንድ አጥር ውስጥ አብረን መኖር ቀጠልን።

ቤቱ እስከ ጉልበት ድረስ በጥርብ ድንጋይ የተሠራ መሠረት አለው። ከዚያ በላይ የጥድ ቋሚ፣ ማገር፣ ጭቃና ጭድ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ ሲሆን በስተጀርባ በኩል አሸንዳ አለው። በአዋጁ ፊት እማማ በየዓመቱ ግንቦት ሲጋመስ ሰው ቀጥረው የቆርቆሮውን ምስማር ያስመቱ፣ አሸንዳውን ያስጠርጉ፣ የተሰነጠቀውን ግድግዳ በጭቃ ያስመርጉ ነበር አሉ። ከአዋጁ በኋላ ይህ ሁሉ ቀረ። እማማ በመንግሥት ቤት ላይ ሰው ቢያወጡ ያስጠይቃቸዋል። ቀበሌው ደግሞ የሚያስተዳድረው ቤት ብዙ፣ የሚሰበስበው ኪራይ ጥቂት ነው። የእኛ ኪራይ በዓመት ተጠራቅሞ 96 ብር ነበር፤ እስቲ ተማሪዎች፣ ከዚሁ ላይ የሠፈሩ መጸዳጃ፣ የመንገዱ ጠጠርና የጸሐፊው ደመወዝ ሲነሣለት ለጣሪያ ምን እንደሚተርፍ አስሉት። አባቴስ? አባቴ አናጢ ነበር! እጁ የሰው በርና መስኮት ሲሠራ ይውላል፤ ማታ ሲገባ በራሱ አልጋ ላይ ውኃ ይንጠባጠብበታል። እናቴ ስትጨቀጭቀው «የመንግሥት ቤት ነው፤ መንግሥት ያድሰው» ይላት ነበር። ሰነፍ ሰው አልነበረም። ነገ የማን እንደሚሆን በማያውቀው ቤት ላይ የልጆቹን የዳቦ ገንዘብ ለምን ይቸነክራል?

አንድ ክረምት ላይ፣ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ እማማ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ዝናቡን ሲያዩ ቆዩና አባቴን ጠሩት። አሸንዳው በባሕር ዛፍ ቅጠል ተዘግቶ ውኃው ከጣሪያው በቀጥታ በግድግዳው እግር ላይ ይወርድ ነበር።

«አንተ ልጅ፣ የቤቱን እግር ውኃ እየበላው ነው፤ አታይም?» አሉት።

«እትየ፣ ምን ላድርግ ብለው ነው? ቤቱ እኮ የመንግሥት ነው» አለ አባቴ።

«አውቃለሁ። መሰላልህን አውሰኝና ይህን ልጅ ስጠኝ።»

ልጁ እኔ ነበርኩ። እማማ መሰላሉን በሁለት እጃቸው ይዘውልኝ ወጣሁና ቅጠሉን በእጄ ጠረግሁ። ከዚያ ወዲያ በየክረምቱ ሥራዬ ሆነ፤ ዋጋዬም አንድ እፍኝ የተቆላ ሽምብራ ነበር። በሕይወቴ የሠራሁት የመጀመሪያው የሕንፃ ጥገና ይኸው ነው። ፈቃድ አልነበረውም።

ከዚህ ላይ ለተማሪዎች አንድ የሙያ ነገር ልናገር። የጭቃ ቤት ደካማ ቤት አይደለም። ራሱ በቆርቆሮ ከተሸፈነ፣ እግሩም በድንጋይ ከምድር ከፍ ካለ፣ መቶ ዓመት ይቆማል። የሚገድለው ውኃ ነው፤ ውኃውም የሚገባው በሁለት በር ብቻ ነው። አንደኛው ከላይ በዛገ ምስማር ቀዳዳ ገብቶ ወራጁን ያበሰብሳል። ሁለተኛው ከታች ከመሬት ተንጠባጥቦ የቋሚውን እግር ይበላል። የቋሚው እግር ሲበላ ቤቱ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል፤ በሩ አልዘጋ ይላል፤ ግድግዳው ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ ደግሞ ሌላ ውኃ ይገባል። ሁሉም የሚጀምረው ከአንድ ያልተጠረገ አሸንዳ ነው። አሸንዳ ለመጥረግ መሐንዲስም ገንዘብም አያስፈልግም፤ «ቤቱ የእኔ ነው» የሚል አንድ ሰው ብቻ ይበቃዋል። በአገራችን ከተሞች የቀበሌ ቤቶች ያረጁት በዕድሜ ብዛት ብቻ አይደለም። «የእኔ ነው» የሚላቸው ሰው ስላጡ ነው።

በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲለወጥ ይህ ጥያቄ ለብዙ አገሮች በአንድ ጊዜ ቀረበላቸው። ሩስያ በዚያው ዓመት ባወጣችው ሕግ፣ በመንግሥት አፓርታማ ውስጥ የሚኖረው ሰው የሚኖርበትን ቤት በነጻ የራሱ እንዲያደርግ ፈቀደች። ቼኮዝሎቫኪያ ደግሞ በዚያው ዘመን የተወረሱትን ቤቶች ለቀድሞ ባለቤቶቻቸው ወይም ለልጆቻቸው መለሰች። አንዷ ለተከራዩ ሰጠች፤ አንዷ ለባለቤቱ መለሰች ማለት ነው። ሁለቱም ችግር አላጡም። በሞስኮ ሰዉ የየክፍሉ ጌታ ሆነ፤ ነገር ግን ጣሪያው፣ ደረጃውና የውኃ ቧንቧው የማን እንደ ሆነ ግራ ገባው። በፕራግ ባለቤቱ ቤቱን ሲያገኝ ውስጡ አርባ ዓመት የኖረ ተከራይ አብሮ አገኘ።

አልባንያ ግን ሁለቱንም አንድ ላይ አደረገች። በ1985 ዓ.ም. የመንግሥት አፓርታማዎችን ለሚኖሩባቸው ሰዎች እንዲተላለፉ አደረገች፤ በዚያው ዓመት በሌላ ሕግ መሬቱን ለጥንት ባለርስቶቹ ልመልስ ወይም ካሣ ልክፈል አለች። ታዲያ አንዱ ቤቱን፣ ሌላው ቤቱ የቆመበትን መሬት «የእኔ ነው» ሲል ዳኛው ምን ይፍረድ? ይህ ሳይፈታ ከተራራው አገር እጅግ ብዙ ሕዝብ ወደ ቲራና ወረደ። ባለቤቱ ያልታወቀ መሬት ባለቤት የሌለው መሬት መሰለና በመናፈሻው ውስጥ፣ ላና በሚባለው ወንዝ ዳርና ዳር፣ ሱቁም ምግብ ቤቱም ያለ ፈቃድ በቀለ። የቦዚዮ መስመር በኪዮስክ ተሸፈነ። በ1993 ዓ.ም. ኤዲ ራማ የተባለ ሠዓሊ ከንቲባ ሆኖ ተመረጠ። እሱም የወንዙን ዳር አስጠረገ፤ ዐመድ መልክ የነበራቸውን የሶሻሊስት ዘመን ሕንፃዎችም ብርቱካን፣ ቢጫና አረንጓዴ ቀለም አስቀባቸው። ይህ ሥራ በዓለም ሁሉ ታወቀ። እኔ ቲራናን በዓይኔ አላየሁም፤ ሥዕሉን ግን ብዙ ጊዜ ተመልክቼዋለሁ። ቀለሙ ደስ ይላል። እንደ ሥራ ተቆጣጣሪ ግን ዓይኔ ከቀለሙ አልፎ ወደ ጣሪያው ጠርዝ ይሄዳል፤ ቀለም አሸንዳ አይሆንምና።

እኛስ? እኛ ለተከራዩም አልሰጠንም፤ ለባለቤቱም አልመለስንም። ከአዋጁ ውጭ ያለ አግባብ የተወሰደ ንብረት ካለ እንዲመረመር አዋጅ ቁጥር 110/1987 ወጣ፤ በአዋጅ ቁጥር 47 መሠረት በሥርዓቱ የተወረሰው ቤት ግን የመንግሥት እንደ ሆነ ቀረ። ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው አለ። ለአዲስ ሠሪ ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ ቦታ በሊዝ ይሰጣል፤ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ለመኖሪያ ቤት እስከ 99 ዓመት ይፈቅዳል። ሊዙ በጨረታ ነው፤ ጨረታውን የሚችለው ባለገንዘብ ነው። ያልቻለው በከተማው ጠርዝ ከገበሬ ላይ ገዝቶ በሌሊት የጨረቃ ቤት ያቆማል። ጐንደር በ1987ቱ ቆጠራ 112 ሺህ ያህል፣ በ1999ኙ ደግሞ 207 ሺህ ያህል ሕዝብ ነበራት። ያ ሁሉ ሰው የት ገባ ብላችሁ የጠየቃችሁ እንደ ሆነ፣ ከአዘዞ እስከ ፒያሳ ያለውን 12 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በታክሲ ስትሄዱ በመስኮት መመልከት ነው።

ኮንዶሚኒየምም መጣ። ይህን ሥራ አልነቅፍም፤ እኔም በአንድ ሁለቱ ላይ ሠርቼአለሁ። ዕጣ የወጣለት ሰው ቁልፉን ሲቀበል ሲያለቅስ አይቻለሁ። ነገር ግን የሞስኮው ጥያቄ እኛም ዘንድ ደርሷል። በኮንዶሚኒየሙ ውስጥ ክፍሉ የእኔ ነው፤ ደረጃው የማን ነው? የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ነዋሪዎቹ ማኅበር አቁመው የጋራውን በጋራ እንዲጠብቁ ያዛል። ማኅበሩ በጠነከረበት ደረጃው ይጠረጋል፤ ባልጠነከረበት የመብራት አምፖሉ ተሰርቆ ሰዉ በጨለማ እየዳበሰ ይወጣል። ወላጆች፣ ማኅበራችሁ ስብሰባ ሲጠራ አትቅሩ።

ወደ ቀበሌ ቤት ልመለስ። እውነቱን ለመናገር፣ ቤቶቹ ሳይሸጡና ሳይመለሱ መቅረታቸው አንድ ትልቅ ጥቅም ሰጥቷል፤ ይህን የማይቀበል ሰው ከተማን አያውቅም። ጉልት ነጋዴዋ፣ ዘበኛው፣ ልብስ አጣቢዋ እስከ ዛሬ ድረስ በከተማው መካከል፣ ከገበያው አጠገብ መኖር የቻሉት በዚያ በጥቂት ብር ኪራይ ነው። በብዙ አገር ከተሞች ድኃ በአንድ ወገን፣ ሀብታም በሌላ ወገን ይኖራል፤ እኛ ዘንድ የባለፎቁ አጥርና የቀበሌው ቤት ግድግዳ አንድ ነው። ሁለቱ በአንድ ዕድር ይቀብራሉ። ይህን ዓይነቱን ጉርብትና ቦዚዮ ሊከለክለው ያሰበው ነገር ነበር።

ስለዚህም ነው የቀበሌ ቤት በአንድ ጊዜ ሲነሣ የሚያሳስበኝ። በአዲስ አበባ በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ሲጀመር በፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰው ነዋሪዎቹ ወደ ከተማው ዳር ሄዱ። ጐንደርም ኮሪደሩ ከደረሳቸው ከተሞች አንዷ ሆናለች። መንገድ ሲሰፋ፣ የእግረኛ መሄጃ ሲነጠፍ፣ ብርሃን ሲገባ እኔም ደስ ይለኛል፤ ሙያዬ ነውና። ግንቦቻችን በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡ ስለ ሆኑ በዙሪያቸው ያለው ሁሉ ንጹሕ እንዲሆን መፈለግም ተገቢ ነው። ሆኖም ያዘነበለ ቤት ባየን ቁጥር «ይህ ፈራሽ ነው» ከማለታችን በፊት ለምን እንዳዘነበለ መጠየቅ አለብን። አሸንዳው ለሃምሳ ዓመት ሳይጠረግ ቀርቶ ያዘነበለ እንደ ሆነ፣ ጥፋቱ የጭቃው አይደለም፤ በውስጡ የሚኖረው ሰውም ጥፋተኛ አይደለም።

የእኔ አስተያየት ይህ ነው፤ የማይቀበለው ቢኖር ከንግግሩ በኋላ በሻይ ሰዓት እንከራከር። ሊድን የሚችለው የቀበሌ ቤት ለሚኖርበት ሰው በረጅም ዘመን በሚከፈል አነስተኛ ዋጋ ይሸጥለት። ገዝቶ ወዲያው ለባለገንዘብ አሳልፎ እንዳይሸጠው ለተወሰኑ ዓመታት ይከልከል። ከሚከፈለውም ገንዘብ ከፊሉ ቤቱን በላቡ ለሠራው ሰው ወይም ለልጆቹ ይድረስ፤ ትንሽም ቢሆን። እማማ እስኪሞቱ ድረስ እጃቸው የገባ ምንም ካሣ አልነበረም። እኔ ያደግሁት በእሳቸው ጡረታ ውስጥ ነው። ይህን ዐረፍተ ነገር ለመናገር ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል፤ በልጅነቴ «ትርፍ ቤት» ሲባል ስሰማ የእማማ ቤት ማለት መሆኑን አላውቅም ነበርና። ለማን ነው የተረፈው?

እማማ በ1991 ዓ.ም. ዐረፉ። አባቴም ከእሳቸው ጥቂት ቆይቶ ተከተላቸው። እናቴ ከዚያው ቤት አልወጣም ስላለች፣ ጣሪያውን በራሴ ወጪ ላድስላት ብዬ ጉዳዩ ወደሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ማመልከቻ አስገባሁ። ፋይሉ ሲጠፋ ሲገኝ፣ ሠራተኛው ሲቀየር፣ ሁለት ክረምት አለፈ። በመጨረሻ ወጪዬን ላለመጠየቅና በቤቱ ላይ መብት አለኝ ላለማለት ፈርሜ ተፈቀደልኝ። ፈረምኩ፤ እናቴ በልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ የጣሪያ ውኃ ስታጠራቅም ሦስተኛ ክረምት እንድታሳልፍ አልፈለግሁም።

አሮጌውን ቆርቆሮ ስናወርድ በስተጀርባ በኩል ያሉት ወራጆች እንደ ጠበቅሁት በስብሰው አገኘናቸው። ቋሚዎቹን ግን አንድ በአንድ በመጥረቢያ ጀርባ መታኋቸው፤ ከሁለቱ በቀር ሁሉም ጤነኛ ናቸው። የእማማ ባለቤት ጥዱን ሲመርጡ አልተሳሳቱም፤ እያንዳንዱንም በድንጋይ ላይ አስቀምጠውት ነበር። ሁለቱን ቀይረን፣ ወራጁን አድሰን፣ አዲስ ቆርቆሮ መታንበት፤ አሸንዳውንም በሁለቱም ወገን አደረግሁለት።

ሥራው ሲያልቅ የእማማ የልጅ ልጅ ከጎረቤት መጣች። በአያትዋ ቤት የምትኖረው እሷ ነች። ከአሮጌው እንጨት ክምር አጠገብ ቆማ አንዱን ቋሚ እያየች፣ «ጋሸ፣ ይህን አያቴ በእጁ የጠረበው ነው አሉ፤ ልወስደው እችላለሁ?» አለችኝ። የበሰበሰው ከታች በኩል አንድ ክንድ ያህል ብቻ ስለ ነበር ያንን በመጋዝ ቈረጥሁላትና ደህናውን ከወንድሟ ጋር ተሸክመውት ሄዱ። በፈረምኩት ወረቀት መሠረት ያ እንጨት የመንግሥት ነበር። ማንንም አላስፈቀድኩም።